የተሸረፈችው ደረጃ

ከባሕር ማዶ መጡ፣ ካሜራ ጭነው፣
ያለፈውን ዘመን አዲስ ሊያደርጉ ብለው።
የሞንማርትር ግድግዳ ሮዝ ተቀባ፣
የመብራት ምሰሶው ታሰረለት አበባ፣
መኪና ተከልክሎ ሠረገላ ገባ።
በአንድ ሳምንት ሥራ፣ በሦስት መቶ ሰው፣
ግማሽ ምዕት ዓመትን
እንደ ምንጣፍ ጠቀለሉት፣ ወደ ኋላ መልሰው።

«የዚያን ዘመን ጓንት የሚያውቅ ማን አለ?»
አለ ዳይሬክተሩ፤ አስተርጓሚው ሰፈሩን ዞረ፣ ቸኮለ።
ጣቶች ሁሉ ጠቆሙ ወደ አምስተኛው ፎቅ፣
ወደ ማዳም ሌዮንቲን፣ ወደ ጓንት ሰፊዋ፣
ወደ ሰባ አምስት ዓመት፣ ጥርስ ወደ ጎደለው ሳቅ።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው፦
አንዲት ጓንት ሻጭ ልጅ፣ አንድ ባለጠጋ፣
ጓንት ሊገዛ ገብቶ እጇን ያያል፣
ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፣ ሲዘፍን ይነጋ።
እናቱ ትቆጣለች፤ ቁጣዋም ዜማ አለው።
አጎቱ ይመክራል፤ ምክሩን ከበሮ ያጅበዋል።
ፖሊሱ፣ ወተት አዳዩ፣ ጃንጥላ ጠጋኙ፣
እዳ ሊጠይቅ የመጣው ሰውዬ እንኳ
ከበሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እኛ» አለች ሌዮንቲን፣ «ስንዘፍን ትዝ አይለኝም።
ስድስት ሆነን፣ በአንድ የጋዝ መብራት ዙሪያ፣
ስናስል ነው ትዝ የሚለኝ።»
አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመም።

ተዋናይቱን ግን አስተማረቻት፦
«መጀመሪያ አራት ጣት፤
አውራ ጣት ኩሩ እንግዳ ነው፣
ኋላ ነው የሚገባው፣ ደጋግመው ሲለምኑት።
አሥራ ስድስቱ ቁልፍ በመንጠቆ ይቆለፋል፣
ስምንተኛው ላይ ሲደረስ
የሚያየው ወንድ ትንፋሹ ይጠፋል።»
ልጅቱ ሳቀች። «የአንቺስ? የአንቺ ወንድ?»
«ነበረ» አለች፣ «አንድ።
ለእጮኛው ጓንት ገዛ፣ ልኩን በእኔ እጅ ለክቶ፣
አመስግኖኝ ወጣ፣ ሄደ በዚያው መንገድ።»

ለመጨረሻው ትዕይንት ዝናብ ተፈለገ፤ ሰማዩ እምቢ አለ።
የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ቱቦውን ተከለ።
ፀሐይዋ ፍጥጥ እንዳለች ውሃው ወረደ፣
ባለጠጋው በደረጃው፣ ጃንጥላውን ጥሎ፣
እየዘፈነ፣ እየረጠበ፣ ወደ ልጅቱ ነጎደ።
እኔ ከአራተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቴ ላይ ሆኜ
«ጅብ ወለደች!» አልኩኝ፣
የሚገባው እንደሌለ ዘንግቼ፣ ራሴን አምኜ።

እነሱም ሄዱ። ሮዙ ቀለም
በጥቅምት ዝናብ ታጥቦ በቦዩ ወረደ።
በዓመቱ ፊልሙ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ፣
ራሱን ሊያይ ወደ ሲኒማ ሄደ።
ሌዮንቲን ግማሹን ተኛች።
በማግስቱ ግን ደግማ ገባች።
በሳምንቱም። ከዚያ ወዲያ ቆጠራውን ተውኩት።
በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው አብሬያት ገብቼ
«ልጁን ነው ወይስ ዝናቡን?» ብዬ ጠየቅኳት።
በክርኗ ጎሸመችኝ። «ዝም! አሁን!»

ከሚተቃቀፉት ኋላ፣ ከቀሚሱ ጠርዝ በታች፣
ከታች ሦስተኛዋ ደረጃ
ጫፏ ላይ ተሸርፋ ታየች።
«ወንድሜ ኤሚል ነው፣ የከሰል ጋሪ ሲያወርድ፣
በዚያ በመጋቢት ብርድ።
አሥራ አራት ዓመቱ። አባቴ መታው፣ ለድንጋይ ብሎ።
በበጋው ሳሉ ወሰደው።
ሁሉን ሲቀቡ፣ ሁሉን ሲጠግኑ፣
ይቺን ረሷት፤ እግዜር ይስጣቸው።»

ሁለት ሴኮንድ ናት። ከዚያ ቀሚሱ ይጋርዳታል።
ዘፈኑ ሳያልቅ ካፖርቷን ደረበች።
ወደ ቤት ስንወጣ፣ በጉልበቷ ላይ ተደግፋ፣
ሦስተኛዋን ሳትረግጥ፣ ረጅም ተራምዳ አለፈች።

እኔም ከዚያን ማታ ወዲህ
ዳቦ ይዤ፣ ሰክሬ፣ ቸኩዬም ብሆን
እዚያች ጋ ስደርስ
እግሬ ይረዝማል።